ዶሮ ያልጣለችው እንቁላል

ሦስተኛው ሙከራም መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ንጋቷ ፈቅፍቃ አነሳችውና ሳህን ላይ ገልብጣ ለሲሞን አቀረበችለት። ሲሞን የባጃጅ ሾፌር ነው። አማን መናኸሪያ አጠገብ ባለችው በንጋቷ ቁርስ ቤት ሁለት እንቁላል ፍርፍር ሳይበላ ሥራ ጀምሮ አያውቅም። ዛሬ ግን ከእንቁላሉ በፊት የቀማሽነት ሥራ ተሰጥቶታል።

“እንዴት ነው?” አለችው።

ሲሞን ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ወደ ጣሪያው አየ።

“እውነቱን ልንገርሽ?”

“እውነቱን።”

“ገንፎ ልሁን ብሎ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ሽሮ ነው።”

ወዲያ ማዶ ባለው ምድጃ የደንበኞችን እንቁላል የምትጠብሰው ማራናታ ሳቋ አምልጧት ፊቷን አዞረች። ንጋቷ ግን አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች፤ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል። ቅዳሴው ሦስት ሰዓት ላይ ያልቃል። አማቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይህ ነገር እንቁላል መስሎ፣ እንቁላል ሳይሆን፣ ሳህን ላይ መገኘት አለበት።

አማቷ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከጌጫ የመጡት ረቡዕ ዕለት ነው። ሐሙስ ሦስት የታች ጥርሳቸውን አስነቀሉ። ከዚያ ወዲህ ሽሮ ቢቀምሱ ድዳቸውን ያቃጥላቸዋል፤ እንጀራ ማኘክ አይችሉም፤ ወተትና እንቁላል ደግሞ በሁዳዴ አይታሰብም። የነፍስ አባታቸው በስልክ “ታመሻልና ወተት ጠጪ” ብለው ፈቅደውላቸው ነበር፤ እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው። አራት ቀን ሙሉ የበሉት ከጌጫ በላስቲክ ቋጥረው ያመጡትን በሶ ነው፤ እሱንም ከጌጫ ይዘውት በመጡት ኩባያ እየበጠበጡ።

የኩባያዋ ነገር ነበር ንጋቷን እንቅልፍ የነሳት። ዓለምሰገድን ካገባች አምስት ዓመቷ ነው። በአምስቱ ዓመት ውስጥ አማቷ በዓመት አንዴም ሁለቴም እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ ያቅፏታል፣ ይመርቋታል፣ የጌጫ ማር በጀሪካን ያመጡላታል። ምግብ ሲቀርብ ግን “ጠግቤ ነው የመጣሁት” ነው መልሳቸው። ሙዝና ብርቱካን ብቻ ይቀበላሉ፤ እሱንም ልጣጩን በገዛ እጃቸው ልጠው። ዓለምሰገድ “ሙዝ ጴንጤ አይደለማ” ብሎ ሊያስቃት ይሞክራል። ንጋቷም ትስቅለታለች። ምግብ ሠርታ የምታድር ሴት ግን፣ የባሏ እናት አንድ ጉርሻዋን ሳትቀምስ ስትሄድ፣ ሳቁ ከጉሮሮዋ አይወርድም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ዓለምሰገድ በክንዳቸው ደግፎ አስቀመጣቸው። አስተማሪ ነው፤ ተማሪውን እንደሚመክር አድርጎ መከራቸው፣ ለመነ፣ ተቆጣም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለማንም እንደማያወሩ ሆነው፦

“ጾም ባይሆን እንቁላል ፍርፍር አምሮኝ ነበር” አሉ። “ያ ለስለስ ያለው።”

ንጋቷ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። አማቷ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ የሚበላ ነገር በስሙ ጠርተው ሲመኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወጣች። ስትመለስ የሽምብራ ዱቄት፣ የተቆላ ሱፍ፣ ያልተከፈተ ዘይት፣ አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ የእንጨት ማማሰያና አዲስ ሳህን ይዛ ነበር። ዓለምሰገድ በስልኩ አንዲት ፈረንጅ ያለ እንቁላል እንቁላል ስትሠራ አሳያት። ሴትዮዋ ቶፉ የሚባል ነገር ትፈረፍራለች። አማን ገበያ ላይ “ቶፉ አለ?” ቢባል፣ “ዛሬ አልመጣም፣ ማን ፈለገህ ልበለው?” የሚል መልስ ነው የሚገኘው። ንጋቷ ስልኩን መለሰችለት።

አሁን እነሆ ሦስት ጊዜ አልሆነላትም። በመጀመሪያው ዱቄቱ ጥሬ ጥሬ ሸተተ። በሁለተኛው እርዱ በዛና ቢጫ ጀሪካን መሰለ። እርድ በቴፒ በኩል በገፍ ስለሚመጣ እጇ ቆጥቦ አያውቅም። በዚያ ላይ እሑድ ነው። የመዘምራን ቡድኗ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለ እሷ ሊዘምር ነው፤ ደውላ “አማቴን ልመግብ ነው” ብላቸዋለች።

“ይኸው የሲሞንን ልጥበስለት፣ ሰውየው በረሃብ አለቀ” አለች ማራናታ።

ሁለት እንቁላል ሰበረች። መታችው፣ መታችው፤ ቅቤው ሲግል ለቀቀችበትና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ዳር ዳሩ እስኪነሳ አልነካችውም። ከዚያ በኋላ ነው በማማሰያ ቀስ እያለች ያጠፈችው፣ የቆራረሰችው። ንጋቷ ይህን በቀን ሃምሳ ጊዜ ታየዋለች፣ ሃምሳ ጊዜም ትሠራዋለች። ዛሬ ግን ቆማ አየችው።

“እኔ ደግሞ ዱቄት ነው ብዬ እንደ ገንፎ ሳማስል!” አለች ለራሷ።

አዲስ ዱቄት ነፋች። በውኃ ፋንታ ተፈጭቶ በተጠለለው የሱፍ ወተት በጠበጠችው፤ እርዱን በጥፍሯ ጫፍ ብቻ ቆነጠረች። ድዳቸውን እንዳይነካ ቃሪያውን ተወችው። ቀይ ሽንኩርቷን አድቅቃ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጋ፣ ቲማቲሙን ልጣ፣ ሁሉንም በዘይት አበሰለችና ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ብጥብጡን ደግሞ ለሩብ ሰዓት ያህል እንዲያርፍ አስቀመጠችው። ከዚያ ለቀቀችው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋም ጠበቀች። ዳሩ ተነሳ። አጠፈችው፣ ቆራረሰችው፤ ቢጫና ለስላሳ ሆኖ ተቆለለ።

ሲሞን እንቁላሉን ጨርሶ አፉን እየጠረገ ነበር። ሳህን ስታስቀምጥለት ሳይጠይቅ ጀመረ፤ ሳይናገርም ጨረሰ።

“ኧረ ቀማሽ ነህ ወይስ በላተኛ? ምን አልክ?”

ሲሞን ቀና አለ። “ምኑን? ተጨማሪ ፍርፍር አይደል እንዴ ያመጣሽልኝ?”

ንጋቷ ጠዋት ከተነሳች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከሦስት ሰዓት ጥቂት አልፎ መጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው፤ ቆመው በማስቀደሳቸው ፊታቸው ገርጥቷል። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቀመሳልና እንደ ሌላው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቁም። ዓለምሰገድ ውጭ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ላይ ቀርቶ ነበር። ንጋቷ አማቷን ጓዳው በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ አስቀምጣ አዲሱን ሳህን ከፊታቸው አኖረች። ከጎኑ የዳቦውን ልብ ብቻ ፈልፍላ አስቀምጣለች።

“ምንድነው?” አሉ።

“የጾም ነው፣ እማማ። ሽምብራ ነው። ድድዎን እንዳይነካዎ በርበሬም ቃሪያም የለውም።”

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ሳህኑን አዩ፣ እሷን አዩ። “ጠግቤ ነው የመጣሁት” የሚለው ነገር አፋቸው ላይ መጥቶ እንደነበር ንጋቷ አውቃዋለች። ሽታው ሳይቀድመው አልቀረም፣ አማተቡና አንድ ማንኪያ ወሰዱ። ሁለተኛውን ፈጠን አድርገው ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

“ይሄ እንቁላል ነው።”

“አይደለም፣ እማማ። እውነቴን ነው፣ የሽምብራ ዱቄት ነው።”

“ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ንጋቷ። እንቁላል ይጠፋኛል?” አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። ማንኪያውን አስቀምጠው አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። “አዝነሽልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ‘ልትሞት ነው’ ብለሽ ነው። ግን ከቅዳሴ መጥቼ ባታታልዪኝ ምን ነበረበት?”

ተነሱ። ንጋቷ እንባዋ መጣ። እንባው ይምጣ እንጂ፣ ከሥሩ ሌላም ነገር ነበር፤ የሠራችው እንቁላል ይህን ያህል እንቁላል ከሆነ ኩራት ይገባታል። የተናደደችው ይበልጥ በዚህ ይሁን በዚያ ራሷም አለየላትም። የአማቷን እጅ ያዘች።

“ይምጡ። ዓይንዎ እያየ እሠራዋለሁ።”

ዓለምሰገድ በዚህ መሐል ገባ። “ምን ተፈጠረ?”

“አንተ ዝም በል!” አሉት ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ማዕድ ቤት ውስጥ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ምርመራው የዋዛ አልነበረም። ዱቄቱን ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። የሱፉን ወተት አሸተቱ። የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን አዩ። መጥበሻውን ሲገለብጡት የሱቁ ወረቀት ሳይላቀቅ ከሥሩ እንደተለጠፈ ነው፤ እሳት ነክቶት ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

“አዲስ ነው” አሉ።

“ትናንት ነው የገዛሁት። ለእርስዎ ጾም ብዬ።”

መጥበሻውን መለሱላት። ንጋቷ በጠበጠች። ማራናታ ከሥራዋ ቆማ ታያለች፤ ዓለምሰገድ በሩ ላይ ተገትሯል። የዚያች አንዲት መጥበሻ ነገር የአምስት ዓመት ፍርድ ሆኖባታል። ዘይቱ ሲግል ለቀቀችው፤ ዳሩ እስኪነሳ ጠበቀች፣ ከዚያ ማማሰያ አንስታ አጠፈችው፣ ቆራረሰችው።

“በስመ ሥላሴ!” አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ተጠግተው። “ዶሮ ያልጣለችው እንቁላል!” ሳቁ፤ ሳቁ ድዳቸውን ቢያማቸው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው እንደገና ሳቁ።

ጠረጴዛ ጋ እስኪደርሱ አልጠበቁም። ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው እዚያው በርጩማው ላይ ይበሉ ጀመር። አራት ቀን በሶ የጠጣ ሰው እንዴት እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል።

“ይቅር በዪኝ፣ ልጄ” አሉ በጉርሻ መሐል። “ጠረጠርኩሽ። እኔ እኮ አንቺን ፈርቼ አይደለም። በፍስኩ የሥጋው ነገር ይቸግረኛል፤ በጾሙ ደግሞ መጥበሻሽ። ሙሉ ቀን እንቁላልና ቅቤ የሚዞርበት ቤት ነው። ‘ዕቃሽ ታጥቧል ወይ?’ ብዬ እንዳልጠይቅሽ አፈርኩ፤ ዝም ብዬ እንዳልበላ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አምስት ዓመት ጠግቤ መጣሁ።”

ንጋቷ ይህን ሁሉ ዘመን ንቀት ነው ብላ የተቃጠለችበት ነገር እፍረት ኖሯል! ደስታዋን ልትደብቅ ፊቷን አዙራ ዕቃ ታነሳሳ ጀመር። ጎድጓዳ ሳህኑን ስታነሳ ከሥሩ አዲሱ ማማሰያ ተጋድሞ አገኘችው። ንጹሕ ነው፤ ከቅድም ጀምሮ እንደታጠበ ደርቆ ተቀምጧል።

እጇ ላይ ያለውን አየች። ሦስት ዓመት ምስማር ላይ ሲሰቀል የኖረው አሮጌው ማማሰያ ነው። በንዴቷ፣ በጥድፊያዋ፣ እጇ በልማዱ ሄዶ ያነሳው እሱን ነው። አንገቱ ላይ ጠዋት የሲሞን ፍርፍር ሲሠራ የደረቀ አስኳል ይታያል።

ቀና ስትል ዓይኗ ከማራናታ ዓይን ጋር ገጠመ። ማራናታም አይታዋለች፤ ጭንቅላቷን በጣም በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ዝም በዪ ማለቷ ነው።

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ከማራናታ በቀር ማንም አላየም። ሴትዮዋ ርቧቸዋል፣ ሳህኑን አጋምሰዋል፣ ፊታቸው ላይ ደም ተመልሷል። ብትናገር ግን ያ ጥርጣሬ በእጥፍ ይመለሳል፤ ከእንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ሙዝ ልጠው ሊበሉ ነው። ደግሞስ የእንቁላል ፍርፋሪ ምን ታክል ናት? እሷ በተማረችው ሃይማኖት ኃጢአትም አትባል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። አማቷ ማንኪያቸውን እንደገና ሞሉ። አሁን አምነው ነው የሚበሉት፤ ያመኑትም እሷን ነው።

“እማማ፣ ይቆዩኝ” አለች። “አይብሉት።”

ማንኪያው ቆመ።

“የቅድሙ ንጹሕ ነበር። ይሄ ግን . . . ሳላስተውል በአሮጌው ማማሰያ ነው ያማሰልኩት። ጠዋት እንቁላል የተሠራበት ነው። አዲሱን ገዝቼ ነበር፤ ይኸውና። እጄ ተሳሳተ።” ማማሰያውን ዘርግታ ሰጠቻቸው።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ማማሰያውን ተቀበሏት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አንገቱን አዩት፣ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

“ማንም አላየሽም ነበር” አሉ።

“አዎ።”

“እኔም አላየሁም።”

“አዎ፣ እማማ።”

“እንግዲህ ንጹሑን ትቼ ይሄን በላሁ በዪኛ!”

ንጋቷ አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ማማሰያውንና ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

“ለነፍስ አባቴ እነግራቸዋለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ስግደት ያዝዙብኝ ይሆናል። ካዘዙብኝ ግማሹ ያንቺ ነው፤ እኔ በዚህ ጉልበቴ አልችልም።”

“እኛ ጋ እኮ ስግደት የለም፣ እማማ።”

“ትለምጂያለሽ።”

ማራናታ በእጇ አፏን ሸፈነች። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ወደ በሩ አመሩ። ንጋቷ ልባቸው ተሰብሮ፣ ወደ ሻንጣቸው፣ ወደ በሷቸው የሚሄዱ መሰላት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

“ምን ቆመሻል? እንደገና ሥሪልኝ እንጂ። እርቦኛል።”

“እሺ! አሁኑኑ። በርጩማው ላይ ይቀመጡ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ሳነሳ አሳይዎታለሁ።”

“እዚያ ጭስ ውስጥ ምን ልሠራ ነው የምቀመጠው?” አሉና ወጡ።

ከደንበኞቹ መሐል ባዶ ወንበር ፈልገው፣ ጀርባቸውን ለማዕድ ቤቱ በር ሰጥተው ተቀመጡ። ዓለምሰገድ ከኋላቸው ደርሶ ጎንበስ አለ።

“እማዬ፣ እኔ ገብቼ ልይልሽ?”

“ቁጭ በል” አሉት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። “ሚስትህ እየሠራች ነው።”